ለቡፌያችን በልክ የተሠራው ኮምፒውተር

ዳላስ አጠገብ፣ ካሮልተን የነበረው አፓርትመንታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሳሎኑን ከሞላ ጎደል የሞላው ቡፌው ነው። አባቴ ወደ ሌላ ስቴት ከሚሄዱ ሰዎች ገዝቶት፣ በደረጃ ሲያወጣው አንድ እግሩ ተሰብሮበት፣ ከዚያ ወዲህ በተጣጠፈ ካርቶን ተደግፎ የኖረ ቡፌ ነው። መሐሉ ላይ ቴሌቪዥኑ ይቀመጣል። በስተግራ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች ነበሩ፤ በስተቀኝ በርም ጀርባም የሌለው አንድ ባዶ መደርደሪያ። አሁን ሪቻርድሰን፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ሆኜ ያንን ቤት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ባዶ ቦታ ነው። ሃይስኩል በጨረስኩበት ሰመር ለእናቴ ኮምፒውተር የሠራሁት ለእሱ በልኩ ነበር።

እናቴ ያን ጊዜ ኤርፖርቱ አካባቢ፣ አውሮፕላን ላይ የሚጫን ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቆሞ ትሪ መደርደር ነው። ውጭው እንደ ምድጃ በሚፋጅበት ቀን እሷ ሹራብ ለብሳ ትወጣና ሹራብ ለብሳ ትመለሳለች። ጣቶቿ ቶሎ አይፍታቱላትም፤ ብርጭቆ የምትይዘው በሁለት እጇ ነበር። ጉልበቷም መቆሙን እየጠላ ሲመጣ፣ በኦንላይን የክሊኒክ ቢሊንግ መማር ጀመረች። ሐኪሙ ያደረገውን ምርመራና ሕክምና ወደ ኮድ ለውጦ ለኢንሹራንስ የመላክ ሥራ ነው፤ ዋናው ነገር ተቀምጦ የሚሠራ መሆኑ ነው። አዲሰን ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ፈተናውን ካለፈች ሊቀጥራት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ግን እስከ ሰመሩ መጨረሻ ድረስ ብቻ።

ፈተናው ቤት ተሆኖ፣ ተቆጣጣሪ በካሜራ እያየ የሚወሰድ ነው። ኮምፒውተሩ በመሐል ከጠፋ ፈተናው ይሰረዛል፤ እንደገና ለመቀመጥ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ክሊኒኩ ደግሞ ወራት አይጠብቅም። እኛ ቤት የነበረው ትምህርት ቤት ያዋሰኝ ላፕቶፕ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የፈተናውን ፕሮግራም አልጭንም ብሏል።

«እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

«ትገዢልኛለሽ ማለትሽ ነው?»

«አይ፣ እሠራዋለሁ። ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ እገጣጥመዋለሁ። ከቴሌቪዥኑ ጋር እናያይዘዋለን፤ ፊደሉም ይተልቅልሻል።»

አባቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሰው በመኪናው ወደ ኤርፖርት እያመላለሰ የሚሠራ ስለሆነ ቀን ቀን ቤት ብቅ ይላል። «ጀመረች» አለ። «የበሩን ደወል ከሠራችልን ወዲህ እንግዳ የሚያንኳኳው በቡጢ ነው።»

«ተዋት እባክህ» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሥሪው፤ ግን ከዚህች መደርደሪያ የማይወጣ ይሁን። ያ መብራት የሚያብለጨልጨው ሣጥን ሳሎኔ አይገባም» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ያማረኝ ያ የሚያብለጨልጨው ነበር። ቢሆንም የልብስ መለኪያ ሜትሯን ተቀብዬ መደርደሪያውን በቁመትም በጎንም በጥልቀትም ለካሁ። ከላዩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት እንዲተርፍ አድርጌ፣ ከኮርንፍሌክስ ካርቶን ኮምፒውተሩን የሚያህል ሣጥን ሠራሁና እዚያው አስቀመጥኩት። ዓይኗ ይልመደው ብዬ ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ (ሃይስኩል ገና አላለቀም ነበር) ካርቶኑ ዳንቴል ለብሶ ጠበቀኝ። የማይክሮዌቩን ዳንቴል አውልቃ ነው ያለበሰችው። እንደተቀበለችው ያወቅኩት በዚህ ነው።

ስለ ዳንቴሎቹ ካልተናገርኩ ቤታችንን በትክክል አልገለጽኩም። እናቴ ከሥራ ስትገባ እጇን ለብ ባለ ውኃ ታፍታታና ኪሮሿን ትይዛለች። ጣቶቼን የሚመልስልኝ እሱ ነው ትላለች። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ክንዶች፣ የውኃ ማሰሮው ሳይቀር። እኔ እዚያ ውስጥ ስላደግሁ አላያቸውም ነበር። ሰው የገዛ ቤቱን ግድግዳ ቀለም እንደማያየው ማለት ነው።

ዕቃ መምረጡ ብዙ ሳምንት ወሰደብኝ። ትልቅ ኮምፒውተር ይቅር ባይ ነው፤ የረሱትን ነገር ቆይቶ መጨመር ይቻላል። ትንሹ ግን እንደ ሻንጣ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላውን ያስወጣል። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ ሚኒ አይቲኤክስ ከሚባሉት፣ ከሻይ ሰሃን ብዙም ከማይሰፉት መረጥኩ። እንዲህ ያለው ቦርድ ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮት የመጣ መሆን አለበት። የኢንተርኔቱ ሣጥን መኝታ ቤት ስለሆነ ዋይፋይ ያለው ያስፈልገኛል። ካሜራ፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳም እንዲበቃ፣ የቦርዱን የጀርባ ፎቶ እያሰፋሁ አየሁ።

መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ አባቴ ገባበት። እኔ ለማንኛውም ይሁን ብዬ የዋቱ ቁጥር በጣም ትልቅ የሆነውን ይዤ ነበር።

«ይሄ ምን ያህል ነው የሚያስፈልገው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«እና ለቤት መኪና የከባድ መኪና ሞተር ልታስገቢለት ነው?»

ልክ ነበር። እናቴ ጌም አትጫወትም። ቁጥሩን ቀንሼ፣ በጥራቱ የተመሰገነ፣ መጠኑ ያነሰና የማያስፈልጉ ገመዶቹ የሚነቀሉለትን ዓይነት መረጥኩ። በዚያች ሣጥን ውስጥ የማያስፈልግ ገመድ አየር ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ማቀዝቀዣው ነው። ፎቅ የሚያህሉት ጥሩዎቹ ማቀዝቀዣዎች ጣሪያውን ስለሚነኩ አይገቡም። አጭሩን፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀመጠውንና ፋኑ በሣጥኑ ጣሪያ ቀዳዳዎች በኩል አየር ወደ ታች የሚስበውን ወሰድኩ። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ እናቴ ስታነብ የሚያፏጭ ነገር እንዲረብሻት አልፈለግሁም። ሁለቱንም ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው፦ «ከላዩ ምንም ነገር አይቀመጥበትም። የሚተነፍሰው በአናቱ ነው።»

«እሺ» አለች እናቴ፣ በጣም በቁም ነገር። «ብርጭቆም አናስቀምጥም።»

የተገጣጠመው በአንድ ቅዳሜ፣ ሳሎኑ ወለል ላይ በተነጠፈ አንሶላ ላይ ነው። አባቴ የስልኩን መብራት ያዘልኝ፤ ምን ያደርጋል፣ ብሎን በወደቀ ቁጥር ከብሎኑ ጋር አብሮ እየዞረ መብራቱን ፊቴ ላይ ያደርገዋል። ካቻቪቴውን ይዤ ማዘርቦርዱን አሰርኩ፤ ፓወር ሰፕላዩን አስገባሁ። ከዚያ ተጣበቅሁ። የማዘርቦርዱ ዋና ገመድ በቦርዱና በቆርቆሮው መካከል ማለፍ አለበት፤ ጣቴ ደግሞ አይገባም። ብሞክር ብሞክር እምቢ አለ።

«እስቲ ዞር በይ» አለች እናቴ። ኪሮሿን አምጥታ በስንጥቁ አስገባች። የገመዱን ጫፍ በመንጠቆው ያዝ አድርጋ፣ ክር እንደምታወጣው ቀስ ብላ አወጣችው። ያቺ በብርድ የደነዘዘች እጅ!

አባቴ መብራቱን ጣሪያ ላይ አድርጎ ቀረ። «በይ እንግዲህ» አለኝ፣ «ዩኒቨርሲቲውን ለእሷ ልቀቂላት።»

ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ትልልቅ ፊደሎች ሲመጡ እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ የታችኛው ጎረቤት ባይኖር ትል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ሹራቧን እንደለበሰች ቡፌው ፊት ትቀመጥና ኮዶቿን ታጠናለች። እኔ እራት እየሠራሁ እጠይቃታለሁ፤ አባቴ ደግሞ የተሳሳተውን መልስ ቀድሞ ይመልስላታል። ሆን ብሎ ነው። «የጉልበት ሕመም?» ስል «የባል ጥፋት» ይላል። ስትስቅ ኮዱ ይጠፋባታል። አንዳንዴ አጥንታ ስትጨርስ ወፍራም ነጭ ክሯን ታነሣና የሆነ አዲስ ነገር ትሠራለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ሁልጊዜም የሆነ ነገር ትሠራለች።

ሁለት ሳምንት እንደዚያ ደህና ኖርን። ከዚያ ጁላይ ውስጥ፣ ዓለም ሁሉ በጋለበት ቀን፣ እናቴ ኮል አደረገችልኝ።

«ሚጣዬ፣ ያንቺ ዕቃ ተኛ።»

«ምን ማለት ነው ተኛ?»

«ጥያቄ እየመለስኩ ድርግም አለ። ማለቴ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

ስደርስ ቀዝቅዞ ቆይቶ ስለነበር ወዲያው ተነሣ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ ፈተሽኩት። ልብሱን ገፍፌ ሶፋው ላይ ጣል አደረግሁና ለብዙ ሰዓት አሠራሁት፤ ምንም አልሆነም። ቦታው መለስኩት። በማግስቱ እናቴ ስታጠና ጠፋ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፓወር ሰፕላዩን ነው። ያን ሰሞን ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ዘንቦ የአፓርትመንቱ መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ነበር። አባቴ ተሳፋሪ የሚያገኝበትን አፕ ዘግቶ ወደ መደብሩ ወሰደኝ። ሪተርን አድርገን ተመሳሳዩን ተቀበልን። አሁንም ጠፋ። ቀጥሎ ማቀዝቀዣውን አወለቅሁ። ከሥሩ የሚቀባውን ግራጫ ቅባት ጠርጌ እንደ አዲስ ቀባሁ። ጠረጴዛ ላይ ስፈትሸው እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ቡፌው ላይ ሲመለስ ድርግም ይላል። ሙቀቱ ነው ብዬ አባቴን ኤሲውን እንዲጨምረው ለመንኩት። እናቴ በራሷ ቤት ኮት ለበሰች። እሱም አልፈየደም።

የቀረው ማዘርቦርዱ ነው። ማዘርቦርድ መቀየር ማለት ሁሉን ነቅሎ እንደገና መጀመር ማለት ሲሆን፣ ፈተናው ደግሞ ቅዳሜ ነው። በዚያ ሳምንት መብላት ሁሉ አስጠላኝ። ትልቁን ሣጥን ብመርጥ ኖሮ እላለሁ፤ አየር እንደልቡ የሚገባበትን፣ ሰው ሁሉ ለዓመታት ሲሞክረው የኖረውን። እናቴ ፊቴን ስታይ ገባት መሰለኝ፣ ሳህን እያጠብን ሳለ ቀስ ብላ፦

«አይዞሽ። ብዙ ትሪ ደርድሬአለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ብጨምር አልሞትም» አለችኝ።

ይህን ስትለኝ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ከፈተናው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከተቆጣጣሪ ጋር የመለማመጃ ቀጠሮ ነበራት። የኢንተርኔት መስመሩን፣ ካሜራውን፣ ክፍሉን የሚያዩበት ነው። እኔና አባቴ ከካሜራው ውጭ፣ ኩሽናው በር ላይ ቆምን። የተቆጣጣሪዋ ድምፅ በቴሌቪዥኑ መጣ፤ ሰው የለመደች፣ ፈጣን ሴት። ካሜራውን ክፍሉ ውስጥ እንድታዞር ጠየቀቻት። እናቴ አዞረች። ሴትየዋ ቡፌው ላይ ያሉት ጨርቆች ምን እንደሸፈኑ ጠየቀች። ከሥራቸው ወረቀት ሊኖር ስለሚችል ሁሉም ይነሡ አለች።

እናቴ አፍራ ወደ እኛ አየች። «ቤቴን ልታስፈታኝ ነው» አለች በአማርኛ፣ ፈገግታዋን ወደ ካሜራው እንዳደረገች። የቴሌቪዥኑን አነሣች። የብርጭቆዎቹን አነሣች። መጨረሻ ላይ የኮምፒውተሩን ስታነሣ «ውይ፣ ይሄ እኮ ይፋጃል» ብላ ወደ እኛ ወረወረችው።

የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ከካውያ ሥር እንደወጣ ልብስ ይሞቅ ነበር። ወፍራም ነው፤ እንደ ጋቢ ጥብቅ ብሎ የተሠራ፣ የኮምፒውተሩን ጣሪያ ሸፍኖ በፊት ለፊቱ በሦስት ማዕዘን የሚወርድ። ስንት ጊዜ በገዛ እጄ ገፍፌ ሶፋ ላይ ጥዬዋለሁ። አንድም ቀን ግን አላየሁትም።

እዚያው እንደቆምኩ ፋኑን አዳመጥኩ። ድምፁ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ጭራሽ አይሰማም። ልምምዱ እስከ መጨረሻው ሄደ። አልጠፋም።

«እማዬ፣ ይሄን መቼ ነው የጨረስሽው?» አልኳት፣ ሴትየዋ እንደተሰናበተች።

«የቱን? እሱን? ጁላይ አራት፣ ርችት የተተኮሰ ሰሞን። ለምን?»

«ኮምፒውተሩ መጥፋት የጀመረውስ መቼ ነው?»

አባቴ ከእሷ ቀድሞ ገባው። የኩሽናውን በር ተደግፎ ሳቀ፤ ድምፅ አልወጣውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ምን ያስቅሃል?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ምንም እንዳይቀመጥበት ብለሽኛል። ምን አስቀመጥኩ? ብርጭቆ አስቀመጥኩ?»

«ዳንቴሉ፣ እማዬ!»

«ዳንቴል ዕቃ ነው እንዴ? ልብስ ነው እንጂ።»

«በዳላስ ጁላይ ጋቢ አልብሰሽው» አለ አባቴ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ምስኪን፣ ላብ አጥምቆት ነው ራሱን የሚስተው። ልጅቷ ደግሞ ልቡን ቀየረች፣ ሳንባውን አጠበች...»

እኔም ሳቅሁ፤ ከሁለት ሳምንት ጭንቀት በኋላ ሳቁ ከእንባ ጋር ነው የወጣው። እናቴ ግን አልሳቀችም። ዳንቴሉን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ልጄ የሠራችው ዕቃ ራቁቱን አይቁም ብዬ ነው» አለች። «ለሌላው የሠራሁት ሁሉ ቀጭን ነው። ለዚህ ወፍራሙን ክር ገዛሁለት።»

አባቴም መሳቁን ተወ። አጠገቧ ተቀምጬ ምን እንደምላት ሳስብ፣ እሷ የዳንቴሉን ጫፍ ፈልጋ አገኘችና ክሩን ሳበችው። መፈታት ጀመረ። «ያዢ» አለችኝ፤ እኔም ክሩን እየተቀበልኩ ጠቀለልኩ። ዙር በዙር ተፈታ፤ በመጨረሻ ጉልበቷ ላይ ምንም አልቀረም። ከዚያ ተነሥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። መዳፏን በጣሪያው ላይ፣ ፋኑ አየር በሚስብበት ቦታ ዘርግታ ስፋቱን ወሰደች። ተመልሳ የክሩን የመጀመሪያ ቀለበት ሠራች፤ የሻይ ሰሃን ያህል ሰፊ፣ መሐሉ ባዶ።

«ኮዶቹን ጠይቂኝ» አለች ኪሮሿን ሳታቆም።

ቅዳሜ ዕለት ከእሷ በቀር ቤት ውስጥ ሰው መኖር የለበትም። እኔና አባቴ ካርፖርቱ ጣሪያ ሥር መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍተን ተቀመጥን። አባቴ አፑን አልከፈተም። ሬዲዮ ከፈተና ዘጋው። ከዚያ መስኮቱን በትንሹ ዝቅ አድርጎ ወደ በረንዳችን አንጋጠጠ፤ ከዚያ እንደሚሰማ ነገር።

«ምንም ጨርቅ አላለበሰችውም አይደል?» አለኝ።

«አይ፣ አየሁ።»

«የበሩ ደወልስ? ደወሉ አይረብሻትም?»

«ደወሉ እኮ አይሠራም፣ አባዬ።»

«እንዲያውም» አለ። «ለዚህ ቀን ብለሽ ነው ያበላሸሽው።»

ያን ያህል እየቀለደ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደነበር አስታውሳለሁ። እኔ በልቤ ቦርዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ፓወር ሰፕላዩን አንድ በአንድ እየጠራሁ እለምናቸው ነበር። ሰው ለዕቃ እንዲህ መለመኑ ይገርማል። የካርፖርቱ ጥላ ከጎማው እስከ በሩ እስኪወጣ ድረስ ተቀመጥን።

የበረንዳው በር ተከፈተ። እናቴ በዚያ ሙቀት ሹራቧን እንደለበሰች ወጣች። የበረንዳውን ብረት በሁለት እጇ ያዘችና ለእኔ፣ ለእኔ ብቻ ጮኸች፦

«አልጠፋም!»

አባቴ ከመኪናው ወጥቶ ቆመ። «እሱን ተዪውና፣ አንቺስ?»

«አልጠፋም እኮ ነው የምልህ! እስከ መጨረሻው!» አለች። ከዚያ ነው ማለፏን የነገረችን። የታችኛው ጎረቤት ቢኖርም ባይኖርም እልል አለች።

አሁን ያ አፓርትመንት የለንም። ወላጆቼ ክሊኒኩ አጠገብ ለመሆን ወደ አዲሰን ገቡ። ቡፌው በካርቶን እግሩ ሌላ ጉዞ ስለማይችል ለታችኛው ጎረቤት ተሰጠ። እናቴ ቢሮ ውስጥ የራሷ ኮምፒውተር አላት፤ ብርጭቆም በአንድ እጇ ትይዛለች። ትንሹ ኮምፒውተር ከእኔ ጋር ዶርም መጣ። እዚህ የሚገባበት ጠባብ መደርደሪያ የለም፤ ሰፊ ዴስክ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ትንሽ ያሳዝናል። ዳንቴሉን ግን ለብሷል። ክሩ ሁለት ጊዜ የተሠራ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ጠምዘዝ ብሏል። መሐሉ ክፍት ነው፤ ሳጠና ቀና ካልኩ በክፍቱ ውስጥ ፋኑ ሲዞር አየዋለሁ።